የሜቶዲስት እምነት ዋና ትምህርቶችን በቤት ጥናት ቡድን ማስተማር፦ ለሐዋሳ የቡድን መሪዎች የቀረበ መመሪያ

በሐዋሳ የቤት ለቤት መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚመራ ሰው በአንዲት ሳሎን ውስጥ የተለያየ አስተዳደግ ያላቸውን ምእመናን ማግኘቱ የተለመደ ነው። አንዷ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሕፃንነቷ ተጠምቃለች፤ ሌላው በቃለ ሕይወት ወይም በሙሉ ወንጌል አድጎ፣ እምነቱን ከመሰከረ በኋላ ወደ ውኃ ወርዷል፤ ሌላዋ ደግሞ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ መጥታ ረቡዕንና ዓርብን እስከ ዛሬ ትጾማለች። እንዲህ ላለ ቡድን የሜቶዲስትን ትውፊት ዋና ዋና እምነቶች ለማስተማር የተነሣ መሪ ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ይጀምራል፤ ወይ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነውን የእንግሊዛዊውን የጆን ዌስሊን ታሪክ ከልደት እስከ ሞት ይተርካል፣ ወይ ሜቶዲስቶች ከሌሎች የሚለዩባቸውን ነጥቦች ይዘረዝራል። ሁለቱም ጅማሬዎች አይጠቅሙም፤ የመጀመሪያው አድማጩን የታሪክ ተማሪ ብቻ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ምሽት ሰውን በየጎራው ያሰልፋል። እዚህ የምመክረው መንገድ ትምህርቱን ከእግዚአብሔር ጸጋ መጀመር፣ ጸጋው በሰው ሕይወት ውስጥ በሚሠራበት ቅደም ተከተል መሄድ፣ የተማሩትንም በየሳምንቱ ስለ ነፍስ እየተጠያየቁ መኖር ነው። ያለዚህ መጠያየቅ የሚቀርብ የሜቶዲስት ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

በጋራው እምነት ይጀምሩ

በመጀመሪያው ምሽት የሐዋርያትን የእምነት መግለጫ ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዲያነቡት ያድርጉ። ሜቶዲስቶች አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በሆነው በአንዱ አምላክ ያምናሉ፤ ወልድ ከድንግል ማርያም ሰው ሆኖ መወለዱን፣ ስለ ኃጢአታችን መሰቀሉን፣ በሦስተኛው ቀን መነሣቱንና በሕያዋንና በሙታን ላይ ለመፍረድ ተመልሶ እንደሚመጣ ይመሰክራሉ። ዌስሊ አዲስ ሃይማኖት ለመመሥረት አልተነሣም፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆኖ አገልግሎ፣ በዚያው ክህነቱ ላይ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1791 ዐረፈ። እ.ኤ.አ. በ1784 በአሜሪካ ለነበሩት ሜቶዲስቶች የላከላቸው የእምነት አንቀጾችም ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን 39 አንቀጾች አሳጥሮ ያወጣቸው 24 አንቀጾች ናቸው፤ አሜሪካውያኑ ስለ አገራቸው መንግሥት አንድ ጨምረው 25 አደረጓቸው።

ከእነዚህ ሁለተኛው አንቀጽ ክርስቶስን ሁለት ሙሉና ፍጹም ባሕርያት በአንድ አካል የተዋሐዱበት፣ እውነተኛ አምላክና እውነተኛ ሰው ብሎ ይገልጸዋል። በተዋሕዶ ትምህርት ያደገ ሰው እዚህ ላይ ጥያቄ ቢያነሣ ተገቢ ነውና መሪው አያድበስብስበት። አንቀጹ እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አነጋገር ይከተላል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ያንን ጉባኤ አትቀበልም፣ መለኮትና ትስብእት ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል በተዋሕዶ አንድ ሆነዋል ብላ ታስተምራለች። ልዩነቱን በዚህ መልክ በግልጽ ከተናገሩ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን እንደሚያምኑ ያስታውሱና ወደ ፊት ይቀጥሉ፤ ምሽቱ በሙሉ በዚህ ክርክር ቢያልቅ ማንም አይታነጽበትም።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገረው አምስተኛው አንቀጽ ለመዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ይገልጻል። ሜቶዲስቶች መጽሐፉን ሲተረጉሙ የቀደመችውን ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ አእምሮንና የክርስቲያንን የሕይወት ልምድ ይጠቀማሉ፤ ሦስቱም ግን ከቃሉ በታች ናቸው። ዌስሊ የጥንት አባቶችን በትጋት ያነብ ነበር፤ ግብፃዊውን መቃርዮስንና ሶርያዊውን ኤፍሬምን አብዝቶ ይወድ ነበር። ከኦርቶዶክስ ቤት ለመጣችው እኅት ይህንን መንገር እንግድነቷን ይቀንስላታል፤ የእነዚህን አባቶች ስም ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃቸዋለችና።

ቀድሞ የሚመጣው ጸጋ

ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1746 የሜቶዲስቶችን ዋና ትምህርት በሦስት ከፍሎ በቤት መስሎታል፤ ንስሐ በረንዳው ነው፣ እምነት በሩ ነው፣ ቅድስና ደግሞ ቤቱ ራሱ ነው። ለቡድንዎ ይህንን ምሳሌ በመጀመሪያ ይስጡት፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ በእርሱ ላይ ይደረደራል። ነገር ግን ሰው ወደ በረንዳው ከመድረሱ በፊት የሚሠራ አንድ ጸጋ አለ፤ ቀዳሚ ጸጋ ይባላል። በእኔ አስተያየት የሜቶዲስት ትውፊት ለሐዋሳ አማኞች ከሚያቀርበው ሁሉ እጅግ ውዱ ይህ ነውና ሁለት ሙሉ ምሽት ይስጡት።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በአዳም ውድቀት የሰው ልጅ ፈጽሞ ተጎድቷል፤ በገዛ ኃይሉ ተነሥቶ ወደ እግዚአብሔር ሊመለስ አይችልም። ሜቶዲስቶች በዚህ ላይ ኃጢአትን አቅልለው አያዩም። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር አንድንም ሰው ያለ ጸጋ አልተወውም፤ በዮሐንስ 1፥9 እንደ ተጻፈው እውነተኛው ብርሃን ለሰው ሁሉ ያበራል። ኅሊና ሲወቅስ፣ ሰው ስለ ሞትና ስለ ዘላለም ማሰብ ሲጀምር፣ በክፉ ሥራው ሲያፍር፣ ይህ ሁሉ ሰውየው ሳያውቀው ቀድሞ የደረሰው የእግዚአብሔር ጸጋ ሥራ ነው። ጸጋው ለጥሪው መልስ የመስጠትን አቅም ይመልስለታል፤ አያስገድደውም፤ ሰው እምቢ ሊል ይችላል። ከዚህም የተነሣ ሜቶዲስቶች ክርስቶስ የሞተው አስቀድሞ ለተመረጡ ጥቂቶች ብቻ ሳይሆን ለሰው ሁሉ ነው ይላሉ። ዌስሊ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1739 ጀምሮ ከወዳጁ ከጆርጅ ኋይትፊልድ ጋር በጽኑ ተከራክሯል፤ ሆኖም ኋይትፊልድ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲያርፍ የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነበር።

በሁለተኛው ምሽት ስብከቱን ይተዉና እያንዳንዱ ሰው እግዚአብሔርን መፈለግ ከመጀመሩ በፊት እግዚአብሔር የት እንደ ጠበቀው እንዲያስታውስ ይጠይቁ። ገና ሌሊት ተነሥታ ስሙን እየጠራች የምትጸልይ አያት፣ በክፉ ቀን እንጀራ የላከች ጎረቤት፣ በልጅነት የሰማው የደወል ድምፅ ሁሉ ይቆጠራል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ምስክርነት ሲሰጥ የቀድሞውን ሕይወት ሁሉ ጨለማ አድርጎ መተረክ ልማድ ሆኗል፤ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ በእናቷ ጸሎት ያደገች ሴት ያንን ሁሉ እንድትክድ መጠየቅ ደግሞ እግዚአብሔር የሠራውን ሥራ መካድ ይሆናል። በ1ኛ ዮሐንስ 4፥19 «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» ተብሎ የተጻፈውን በዚህ ምሽት በቃል እንዲያጠኑት ያድርጉ።

ንስሐ፣ እምነትና ማረጋገጫ

ዘጠነኛው አንቀጽ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ተብሎ የሚቆጠረው ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብቻ፣ በእምነት እንጂ በገዛ ሥራው እንዳልሆነ ያስተምራል። ከኤፌሶን 2፥8-10 ያለውን ክፍል ሳይቆርጡ ያንብቡት፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ቁጥር ሥራ እንደማያድን ሲናገሩ አሥረኛው የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ እንደሆነ ይናገራል፤ ሜቶዲስቶች ሁለቱን ለያይተው አያነቡም።

የዌስሊን የአልደርስጌት ምሽት ማንሣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1738 ዌስሊ የ34 ዓመት ሰው ነበር፤ ክህነት ተቀብሏል፣ በጥብቅ ሥርዓት ይጾምና ይጸልይ ነበር፣ በአሜሪካ በጆርጂያ ለማገልገል ሄዶም ልቡ ተሰብሮ ተመልሷል። በዚያ ምሽት ሳይወድ በግድ በለንደን አልደርስጌት ጎዳና ወደሚደረግ አንድ ጉባኤ ሄደ፤ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መግቢያ ይነበብ ነበር። ከምሽቱ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ልቡ ባልለመደው ሁኔታ ሲሞቅ ተሰማው፤ ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ እንደታመነና ኃጢአቱ የእርሱም ሳይቀር እንደተወገደለት ማረጋገጫ እንዳገኘ ጻፈ። ከዚህም ሜቶዲስቶች አማኝ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን በመንፈስ ምስክርነት ሊያውቅ ይችላል የሚለውን ትምህርት አጥብቀው ያዙ፤ መሠረቱ ሮሜ 8፥16 ነው።

ይህ ታሪክ በጥንቃቄ ካልቀረበ ግን ሰውን ይጎዳል። በከተማችን «ጌታን መቼ ተቀበልሽ?» የሚለው ጥያቄ እንደ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ቀኑን የማያስታውስ ሰውም ራሱን ይጠራጠራል። በታቦር ክፍለ ከተማ በምሳተፍበት ቡድን ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይህ ትምህርት ሲቀርብ እያለቀሱ፣ «እኔ ቀን የለኝም፤ ያልወደድኩትን ቀን ግን አላስታውስም» አሉ። ዌስሊ ቀድሞ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ገና አልዳነም እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ በኋለኛ ዘመኑ ግን ይህንን አለዝቦ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራና ጽድቅን የሚያደርግ ሰው ማረጋገጫው ገና ባይሰማውም በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ መሆኑን አስተማረ። ለእኒያ እናት የተነገራቸው ይኸው ነው፤ እርስዎም ለቡድንዎ ከአልደርስጌት ታሪክ ጋር አያይዘው ይንገሩ።

በዚህ ርእስ ላይ አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት ይነሣል፦ አንድ ጊዜ የዳነ ለዘላለም ድኗል ወይ? በሐዋሳ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። የሜቶዲስት መልስ አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል፤ መንፈስ ቅዱስን የተቀበለ ሰው ከተሰጠው ጸጋ ሊወድቅና በኃጢአት ሊያዝ ይችላል፣ በእግዚአብሔርም ጸጋ ተነሥቶ ሕይወቱን ሊያቀና ይችላል። መሪው ሁለቱንም ግማሽ እኩል ያሰማ፤ መጀመሪያውን ብቻ የሰማ በፍርሃት ይኖራል፣ ሁለተኛውን ብቻ የሰማ ይዘናጋል።

ቤቱ ራሱ፦ ቅድስና

ሜቶዲስቶች ይቅርታን የመንገዱ መጨረሻ አያደርጉትም። እግዚአብሔር በጸጋው አጽድቆ የተቀበለውን ሰው በዚያው ጸጋ ይለውጠዋል፤ የሚለውጠውም ጌታ አምላክን በፍጹም ልብ፣ ባልንጀራንም እንደ ራስ ወደ መውደድ ነው። ዌስሊ ይህንን ክርስቲያናዊ ፍጹምነት ብሎ ጠራው፤ በቃሉም ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ ሲወቀስ ኖረ። ቡድንዎ ይህንን ቃል ሲሰማ «ፍጹም የሆነ ሰው ማን አለ?» ማለቱ ስለማይቀር ምን እንዳልሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ፍጹምነት ካለማወቅ፣ ከስሕተት፣ ከሥጋ ድካም ወይም ከፈተና ነጻ መሆን አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ የማያድግ ደረጃም አይደለም። ልብን የሚገዛው ፍቅር ሆኖ፣ ሰው አውቆና ወድዶ ኃጢአት የማይሠራበት ሁኔታ ነው። ዌስሊ እኔ ፍጹም ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ሰውን ሁሉ ግን ይህንን በዚህ ሕይወት እንዲጠብቅና እንዲፈልግ ያስተምር ነበር። እስከ ዛሬም ለአገልግሎት የሚሾም የሜቶዲስት መጋቢ በዚህ ሕይወት በፍቅር ፍጹም ለመሆን ይጠብቅ እንደሆነ በጉባኤ ፊት ይጠየቃል።

ቅድስና የሚያድግበትን መንገድ ዌስሊ የጸጋ መንገዶች ይላቸው ነበር፤ በግልና በማኅበር መጸለይ፣ ቃሉን መመርመር፣ ወደ ጌታ እራት ደጋግሞ መቅረብ፣ መጾምና ክርስቲያናዊ ምክክር ናቸው። ስለ ጾም ሲያስተምሩ፣ ዌስሊ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተከትሎ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም እንደነበር ይንገሩ። በእኛ አገር ይህንን የሰማ ሁሉ ይደነቃል፤ ጾምን የኦርቶዶክስ ብቻ አድርጎ የተወ አማኝም ቆም ብሎ እንዲያስብ ይረዳዋል። ከእነዚህም ጋር የምሕረት ሥራ ራሱ የጸጋ መንገድ ተደርጎ ይቆጠራል። ሜቶዲስቶች የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች፣ ማለትም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከዌስሊ ጋር የተሰበሰቡት ወጣቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1730 በከተማው ጥንታዊ ምሽግ እስር ቤት የነበሩትን እስረኞች መጎብኘት ጀመሩ፤ ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1774 የባሪያ ንግድን አውግዞ ጻፈ፣ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩትም በፓርላማ ይህንን ንግድ የሚታገለውን ዊልያም ዊልበርፎርስን በደብዳቤ አበረታታ።

ስለዚህ በዚህ ርእስ ላይ ሳሉ ቡድኑ አንድ የምሕረት ሥራ ይያዝ። ሐዋሳ ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለመሥራት ከገጠር መጥተው በአንዲት ክፍል ውስጥ ተዳብለው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች አሉ፣ ከሩቅ ወረዳ ታማሚ ይዘው መጥተው በሆስፒታል ግቢ የሚያድሩ አስታማሚዎች አሉ። ሥራው ትንሽ ይሁን፣ ግን በየሳምንቱ ይደረግ፤ በዓል ሲመጣ ብቻ የሚደረግ ጉብኝት የጎበኘውን ሰው ልብ አይለውጥም። ስለ ገንዘብ የዌስሊ ምክር በሦስት ቃል የተጠቃለለ ነው፤ ማንንም ሳትጎዳ የምትችለውን ያህል አግኝ፣ የምትችለውን ያህል ቆጥብ፣ የምትችለውን ያህል ስጥ። ከመጀመሪያዎቹ የኦክስፎርድ ሜቶዲስቶች ስለ አንዱ እንደተረከው፣ ያ ሰው በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28 ኖሮ 2 ሰጠ፤ ገቢው 60 በሆነ ጊዜም በዚያው በ28 ኖሮ 32ቱን ሰጠ።

ምሥጢራት

ሜቶዲስቶች ክርስቶስ ያዘዛቸው ሁለት ምሥጢራት አሉ ይላሉ፤ ጥምቀትና የጌታ እራት። ሕፃናት ይጠመቃሉ፤ የጸጋው ጅማሬ ከእግዚአብሔር ነውና። ይህ የቀዳሚውን ጸጋ ትምህርት ለተከተለ ቡድን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ያመነ ብቻ ይጠመቅ በሚል ትምህርት ያደጉትን ግን ወዲያው እንዲስማሙ አይጫኗቸው። ጥምቀት አይደገምም። በጌታ እራት ኅብስቱም ጽዋውም ለምእመናን ሁሉ ይሰጣል፤ ዌስሊ ይህ ማዕድ ያመኑትን ከማጽናት አልፎ ልባቸው በንስሐ የተሰበረ ፈላጊዎችን ወደ እምነት ሊያደርስ እንደሚችል ያምን ነበር።

መጠያየቁ

የሜቶዲስት ትንንሽ ቡድኖች የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1742 በብሪስቶል ከአንድ የሕንፃ ዕዳ የተነሣ ነው። እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ፣ ለ12 ያህል ሰዎችም አንድ ሰብሳቢ እንዲኖር ተወሰነ፤ ሰብሳቢዎቹ ገንዘቡን ለመሰብሰብ በየቤቱ ሲዞሩ የምእመናኑን ኑሮና ችግር አዩ፣ ዌስሊም ይህ ለነፍስ ጥበቃ እንደሚያገለግል ተረዳ። በሚቀጥለው ዓመት ለአባላቱ ሦስት ደንብ አወጣ፤ ጉዳት አታድርስ፣ መልካም አድርግ፣ የእግዚአብሔርን የጸጋ መንገዶች ጠብቅ።

እርስዎም ከትምህርቱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ለዚሁ ይተዉ፤ ጥያቄውም አንድ ብቻ ይሁን፦ ነፍስዎ እንዴት ናት? እዚህ ላይ ባህላችን አንድ እንቅፋት ያስቀምጣል። ጥያቄው በዙሪያ ሲዞር የመጀመሪያው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ሁለተኛውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ እንዲህ እየተባለ ስድስት ሰው ምንም ሳይናገር ቡናው ይቀርባል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ግን በሩን ይዘጋል። መፍትሔው በጥንቱ የሜቶዲስቶች ደንብ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ ከመካከላቸው አንዱ የራሱን ነፍስ ሁኔታ ይናገርና ከዚያ ሌሎቹ ይጠየቁ። መሪው በዚህ ሳምንት ምን እንደፈተነው፣ የት እንደደከመና ጌታ እንዴት እንዳነሣው በግልጽ ከተናገረ ሌላው ይከተለዋል። በዕድሜ የገፉትን አባቶችና እናቶች ወጣት በጉባኤ መካከል አይጠይቃቸው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ይቀመጡ ወይም መሪው ቤታቸው ሄዶ ያነጋግራቸው። በክፍሉ የተነገረ ነገር ከክፍሉ እንዳይወጣ በመጀመሪያው ቀን ይስማሙ፤ ይህ አንዴ ከፈረሰ መልሶ ለመገንባት ዓመታት ይወስዳል።

ትምህርቱ ሲያበቃ ቡድኑ የቃል ኪዳን እድሳት ጸሎት ያድርግ። ዌስሊ ይህንን ሥርዓት ለሜቶዲስቶች የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1755 ነሐሴ ወር ነው፤ ኋላ በአዲስ ዓመት መግቢያ የሚደረግ ሆነ፣ ስለዚህ በእኛ ዘመን አቆጣጠር በመስከረም መጀመሪያ ቢደረግ ልማዱን አያፈርስም። በዚህ ጸሎት አማኙ ከእንግዲህ የራሱ እንዳልሆነ፣ ለሥራም ለመከራም፣ ለማግኘትም ለማጣትም ራሱን ለእግዚአብሔር እንደ ሰጠ ይናገራል። የጸሎቱን ቃል ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለሁሉም ያድሉ፣ ማንም ሳያስብበት አይናገረው፤ ገና ነኝ የሚል ሰው ካለም ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ይጸልይ እንጂ እንዲናገር አይገደድ። ሥርዓቱ ከጌታ እራት ጋር አብሮ ስለሚፈጸም፣ የተሾመ መጋቢ እንዲገኝ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ቀጠሮ ይያዙ፤ በመስከረም የመጋቢዎች ጊዜ በሠርግና በጉባኤ ይጣበባል።